ሳንጃውን ከሰገባው አትለዩት፦ ስለ ድሮ የጀርመን ሳንጃዎች አሰባሰብ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ። በእረፍት ቀናችሁ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሳንጃ ነው። ጀርመን አገር ስለተሠሩ፣ አብዛኞቹ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናቸው ሳንጃዎችና ስለ ሰገባዎቻቸው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። ብረቱ ላይ የተመታውም እሱ ነው።

እዚህ ጀርመን የምትኖሩ ሰዎች እነዚህን ዕቃዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ፍሎማርክት፣ ማለትም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ ከአሮጌ ሬዲዮና ከሸክላ ሳህን መሀል ተጋድመው ይገኛሉ። ሻጩ ስለ ዋጋው እንጂ ስለ ምንነታቸው ብዙም አይናገርም። ገዢውም ቶሎ ብሎ የሚያየው ስለቱን ነው። ያብረቀርቃል? ዝጓል? ከዚያ ይከራከራል፣ ይገዛል፣ ቤቱ ወስዶ ይፈትገዋል። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ምነው መሣሪያ ትሰበስባለህ?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሳንጃ ሰው ለመውጋት የተሠራ ዕቃ መሆኑን አንድም ቀን መርሳት የለብንም። እኔን የያዘኝ ግን ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። የዚያ ዘመን የጀርመን ሠራዊት ሁሉን ነገር የሚመዘግብ ሠራዊት ነበር። በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተሠራ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተረከቡት፣ የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሆነ፣ የትኛው ሬጅመንትና በሬጅመንቱ ውስጥ ያለ የትኛው የሻምበል ጦር እንደያዘው ብረቱ ላይ ተመትቷል። ሰገባው ላይም እንዲሁ። ለእኔ ሳንጃና ሰገባ አንድ ላይ የሚነበቡ ሁለት ገጾች ናቸው። አንዱን የጣለ፣ ወይም ፍቆ ያጠፋ ሰው፣ እጁ ላይ የሚቀረው ግማሽ ታሪክ ነው።

እስቲ ከጀርባው እንጀምር። ሳንጃውን ስለቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ያዙት። ከላይ የሚታያችሁ ወፍራም ክፍል ጀርባው ነው። ወደ እጀታው ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ትንሽ ዘውድ አለች። ከዘውዷ ሥር ፊደል፣ ከፊደሉ ሥር ሁለት አሃዝ ታገኛላችሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተሠራ ሳንጃ ላይ ፊደሉ «ደብልዩ» ከሆነ ቪልሄልም ነው፤ የፕሩሲያ ንጉሥ፣ የጀርመንም ካይዘር፣ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው። «ኤል» ከሆነ የባቫሪያው ሉድቪግ ነው። «ኤፍ» እና «ኤ» ተያይዘው ከተጻፉ የሳክሶኒው ፍሬድሪክ አውጉስት ነው። ጀርመን በ1871 አንድ አገር ብትሆንም ውስጧ አራት ንጉሦች ነበሩ፤ አራተኛው የቩርተምበርግ ነው። የእሱም ስም ቪልሄልም ስለነበረ «ደብልዩ» ያለበትን ሁሉ በችኮላ የፕሩሲያ ነው አትበሉ። ሁለቱ አሃዞች ዓመቱን ይነግሯችኋል። 15 ካለ በ1915 ተፈትሾ ሠራዊቱ ተረክቦታል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ መስቀለኛው ብረት እንሂድ፤ በእጀታውና በስለቱ መሀል ያለው ማለቴ ነው። እዚያ ላይ የክፍሉ ምልክት ይመታል። ለምሳሌ «84. አር. 5. 112.» የሚል ብታገኙ፣ 84ኛው እግረኛ ሬጅመንት፣ 5ኛ ሻምበል፣ የመሣሪያ ቁጥር 112 ማለት ነው። ይህ ሬጅመንት በሰሜን ጀርመን በሽሌስቪግ ይሰፍር የነበረ ነው። ከፊቱ «ቢ» ካለበት የባቫሪያ ጦር ነው። አያችሁ፣ ከትንሽ የብረት ቁራጭ ላይ ተነስተን አንድ ከተማ፣ አንድ ሰፈር ደረስን። በጦርነቱ ጊዜ የታተሙ የሙትና የቁስለኛ ዝርዝሮች ዛሬ በኮምፒውተር ይገኛሉ። ሬጅመንቱንና ሻምበሉን ካወቃችሁ፣ በዚያ ሻምበል የነበሩ ሰዎችን ስም ከነመንደራቸው ማንበብ ትችላላችሁ።

ይሄ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ልንገራችሁ። የፕሩሲያ ሠራዊት መዝገብ የሚቀመጠው ፖትስዳም በሚገኘው የጦር ሠራዊት ቤተ መዛግብት ውስጥ ነበር። በኤፕሪል 1945 ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ አብዛኛው ተቃጠለ። የባቫሪያው ሙኒክ ውስጥ፣ የቩርተምበርጉ ሽቱትጋርት ውስጥ ተርፏል። የፕሩሲያው ግን ሄደ። ስለዚህ የአንድ የፕሩሲያ ሻምበል ምልክት ያለበት ሳንጃና ሰገባ፣ ወረቀቱ ከጠፋ በኋላ የቀረ ምስክር ነው። ይህን ምስክር በብርጭቆ ወረቀት የሚያሽ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ቢያውቅ አያደርገውም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ዓይነቶቻቸው ላውራ። ሁሉንም አልቆጥርላችሁም፤ ዋና ዋናዎቹን ብቻ።

አዲሱ የጀርመን መንግሥት እንደተመሠረተ ሠራዊቱ የሞዘርን የ1871 ጠመንጃ ተቀበለ። ከእሱ ጋር የመጣው ሳንጃ ኤስ 71 ይባላል፤ «ኤስ» ለሳንጃ የተሰጠው የጀርመንኛ ስም የመጀመሪያ ፊደል ነው። እጀታው ነሐስ ነው፤ ስለቱ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ግዙፍና የሚያምር ነው፤ ጎራዴ ነው ቢባል ይቀላል። ጠመንጃው በ1884 ስምንት ጥይት የሚጎርስ ሆኖ ሲሻሻል ሳንጃውም አጠረና 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለት ያለው ኤስ 71/84 መጣ።

ከዚያ በ1898 ታዋቂው ሞዘር 98 ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ኤስ 98 የተባለው ሳንጃ ስለቱ 52 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለምን እንዲህ ረዘመ? ፈረንሳዮች በ1886ቱ ለበል ጠመንጃቸው ላይ መርፌ የመሰለ ረጅም ሳንጃ ሰክተው ነበር። የጀርመን ጄኔራሎች የሚያስቡት ሁለት እግረኛ ጦር ፊት ለፊት ሲጋጠም ወይም ፈረሰኛ ሲመጣ ማን ቀድሞ ይደርሳል ብለው ነው። የጠመንጃና የሳንጃ ርዝመት ተደምሮ ከጠላት እንዳያንስ ፈለጉ።

በዚህ ጊዜ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያስተውለው ላሳያችሁ። ኤስ 71 መስቀለኛው ላይ ክብ ቀለበት አለው። ቀለበቱ አፈሙዙን ያቅፋል። ብረት አፈሙዙን ሲነካው ግን ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ሞዘር 98 ላይ ይህ ቀረ። ሳንጃው ከአፈሙዙ ሥር ባለ ረጅም ብረት ላይ በእጀታው ውስጥ ባለ ጥልቅ ጉድጓድ ይሰካል፤ አፈሙዙን አይነካም። መጀመሪያ አካባቢ በተሠሩ ኤስ 98/05 ሳንጃዎች ላይ መስቀለኛው ወደ ላይ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉት፤ የዚያ የቀለበቱ ቅሪት ናቸው። ምንም ሥራ የላቸውም። በጦርነቱ ጊዜ ሥራውን ለማቅለል አስቀሯቸው። ስለዚህ ጆሮ ያለው ከሌለው ይቀድማል።

ኤስ 98/05 ያልኩት በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም የሚታወቀው ነው። ረጅሙና ቀጭኑ ኤስ 98 እንጨት አይፈልጥም፣ መሬት አይቆፍርም፣ ምሽግ ውስጥ ሰው ዞር ሲል ግድግዳ ይመታል። 98/05 ስለቱ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄዳል። እንግሊዞች የሥጋ ቢላ ይሉት ነበር። በመጀመሪያ ለመድፈኛና ለመሐንዲስ ጦር የታሰበ ነበር፤ ጦርነቱ ሲከፈት ግን የእግረኛውም ዋና ሳንጃ ሆነ። ከዚያ ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ስለት ያለው ኤስ 84/98 መጣ፤ እሱ በመጠኑ ተሻሽሎ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ድረስ አገልግሏል። እጀታው ጀርባ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ብረት ብታዩ ግራ አይግባችሁ። ጠመንጃው ሲተኮስ ከአፈሙዙ የሚወጣው እሳት እንጨቱን እንዳያቃጥለው የተደረገ መከላከያ ነው።

ስለ መጋዝ ጥርሱ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። አንዳንድ ሳንጃዎች ጀርባቸው ላይ መጋዝ አላቸው። ይህ የተሠራው እንጨት ለመቁረጥ፣ ምሽግና ድልድይ ለመሥራት ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነበር የሚታደለው። በሌላው ወገን ያሉ ወታደሮች ግን ሥጋ ለመቦጨቅ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ብለው አመኑ። ይህን ይዞ የተማረከ አይተርፍም የሚል ወሬ ተሠራጨ። የጀርመን ወታደሮች ራሳቸው ጥርሱን መሞረድ ጀመሩ፤ በኋላ ሠራዊቱም በይፋ አስሞረደው። ስለዚህ ጀርባው ከወትሮው የሳሳ 98/05 ካጋጠማችሁ አትናቁት። የተበላሸ አይደለም። የአንድ ፍርሃት ምልክት አለበት።

እኔ በግሌ ከሁሉም አብልጬ የምወዳቸው በድሮ ሰብሳቢዎች የተናቁትን ነው፤ ኤርዛትስ የሚባሉትን፣ ምትክ ማለት ነው። ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር ፋብሪካዎቹ ለተጠራው ሠራዊት ሁሉ ሳንጃ ማድረስ አቃታቸው። ያኔ ብዙ የብረት ሥራ ቤቶች ቀላል ሳንጃ እንዲሠሩ ታዘዙ። እጀታቸው እንጨት የለውም፤ ከታጠፈ ብረት የተሠራ ነው። ሥራው ሻካራ ነው፤ ብዙዎቹ አረንጓዴ ግራጫ ቀለም ተቀብተዋል። ከፈረንሳይ፣ ከቤልጅየምና ከሩሲያ የተማረኩትንም እየቆረጡና እያስተካከሉ ለሞዘር ያደርጓቸው ነበር፤ ሰገባቸውንም ከተራ ቆርቆሮ አጥፈው ይሠሩላቸዋል። የሳንጃ መጽሐፍ ሳትገልጡ፣ እነዚህን አይታችሁ ብቻ፣ አገሪቱ ገና በመጀመሪያው ዓመት ምን ያህል እንደተጨነቀች ይገባችኋል።

ወደ ሠሪዎቹ ልለፍ። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ከኮሎኝና ከዱሰልዶርፍ ወጣ ብላ ዞሊንገን የምትባል ከተማ አለች። ቤታችሁ ያለውን የወጥ ቤት ቢላ ገልብጣችሁ ብታዩት ስሟን ልታገኙት ትችላላችሁ። ዞሊንገን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ስለት ትሠራለች። በቩፐር ወንዝ ዳር በውሃ ኃይል የሚዞሩ የመሳያ ድንጋዮች ነበሩ፤ ዛሬም ሁለቱ ቆመዋል፣ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሥራው የተከፋፈለ ነበር። አንዱ ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ውሃ እያጠጣ ያጠነክራል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ እጀታ ይገጥማል፣ ሌላው ሰገባ ይሠራል። አንድ ሳንጃ ሲጠናቀቅ በብዙ እጅ አልፏል። ከተማዋ ውስጥ ግሬፍራት በሚባለው ሰፈር፣ በቀድሞ ገዳም ሕንፃ ውስጥ የጀርመን የስለት ሙዚየም አለ። ልጆች ይዛችሁ ብትሄዱም አይሰለቹም።

የየፋብሪካው ምልክት ስለቱ ላይ፣ ከመስቀለኛው አጠገብ ይገኛል። የካርል አይክሆርን ሽኮኮ ነው። ቫየርስበርግ ኪርሽባውም የንጉሥና የባላባት ጭንቅላት ጎን ለጎን ያደርጋል፤ ሁለት ፋብሪካዎች በ1883 ተዋሕደው ስለተፈጠረ ነው። ከዞሊንገን ውጪ ደግሞ በቱሪንጊያ ያለችው ዙል ብዙ ሠርታለች፤ የኤርፉርት የመንግሥት ፋብሪካም አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፋብሪካ ስም ቀርቶ ሦስት ፊደል ያለው ምስጢራዊ ኮድ መጣ። «ሲ ኦ ኤፍ» አይክሆርን ነው፤ «ሲ ቪ ኤል» ቫየርስበርግ ኪርሽባውም ነው።

ሚዛን የተቀረጸበት ካገኛችሁ ግን ቆም በሉ። ይህ የአሌክሳንደር ኮፐል ፋብሪካ ነው። ኮፐሎች የዞሊንገን አይሁዳውያን ነበሩ። ፋብሪካቸው ከከተማዋ ታላላቆቹ አንዱ ነበር፤ ለከተማዋ ድሆችና ሕመምተኞችም ብዙ የሰጠ ቤተሰብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለካይዘሩ ሠራዊት ሳንጃ ሠርተዋል። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1930ዎቹ ፋብሪካውን ተነጠቁ። በአያቱ ስም የተጠራው ዶክተር አሌክሳንደር ኮፐል ሸምግሎ ሳለ በ1942 ቴሬዚንሽታት ወደሚባለው የናዚ ማጎሪያ ተወሰደና እዚያው ሞተ። ዛሬ ከተማዋ ውስጥ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል። ዙል ውስጥ የነበሩት ሲምሶኖችም እንዲሁ አይሁዳውያን ነበሩ፤ ፋብሪካቸው ተወረሰ፣ ቤተሰቡ ተሰደደ። በ1915 «ኮፐል» ተብሎ የተመታ ሳንጃ ስትይዙ፣ ይህ ቤተሰብ አገሬ ነው ብሎ የሠራላት አገር ምን እንዳደረገችው እያወቃችሁ ያዙት። አንዳንድ ሻጮች ስለዚህ ምንም አያውቁም። ሰብሳቢ ግን ማወቅ አለበት።

እሺ፣ ሰገባ። ከሁሉም በላይ ላወራው የፈለግኩት ይህን ነው፤ ሰው ስለሚንቀው።

የቀድሞዎቹ ሰገባዎች ቆዳ ናቸው፤ አፋቸውና ጫፋቸው ላይ ብረት ወይም ነሐስ አላቸው። ስፌቱ በጀርባ በኩል ነው። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስፌቱ ይበጠሳል፤ ብዙ ጊዜ ከጫፉ ብረት ከፍ ብሎ ይሰበራል። ለዚህ ነው ሙሉ የቆዳ ሰገባ ያለው ኤስ 98 ከባዶው ሳንጃ በዋጋ የሚበልጠው። ስለቱ መቶ ዓመት ይቆያል፣ ቆዳው አይቆይም። በጦርነቱ ጊዜ የብረት ሰገባ እየበዛ ሄደ። ውስጡ ስለቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሞላ አለ፤ ሞላው በአፉ በኩል በብሎን ይታሰራል። ሳንጃውን ከነሰገባው ገልብጣችሁ ስትይዙት ከወደቀ ሞላው ጠፍቷል ወይም ሞቷል። የብሎኑ ራስ ተቧጭሮ ከሆነ ሰው ከፍቶት ያውቃል ማለት ነው፤ ለምን እንደከፈተው ጠይቁ።

ሰገባው ላይ ትንሽ የወጣች አዝራር አለች፤ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠለው የቆዳ ማንገቻ የሚያዘው በእሷ ነው። ማንገቻው ላይ ደግሞ ባለቀለም ዘርፍ ይታሰር ነበር። ቀለሙ የወታደሩን ሻምበል ይናገራል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ከተገኘ ብርቅ ነው።

ዋናው ግን ቁጥሩ ነው። በሰላም ጊዜ ሳንጃውና ሰገባው አንድ ዓይነት የክፍል ምልክት ይመታባቸው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤስ 84/98 ላይ ቁጥሩና ከሥሩ ያለችው ፊደል በስለቱም በሰገባውም ይገኛል። ሁለቱ ከተገናኙ ሰብሳቢ ደስ ይለዋል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዋጋ ስለሚጨምር፣ አንዳንድ ሰው ቁጥር ፍቆ አዲስ ይመታል። ሌላው ከአስር ሳንጃና ከአስር ሰገባ እያማረጠ ያገናኛል።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ቁጥሩ የማይገናኝ ሳንጃና ሰገባ አብረው ከመጡ አትለያዩዋቸው። ጦርነት ውስጥ ዕቃ ይደባለቃል። ቁስለኛው ሆስፒታል ሲገባ መሣሪያው ወደ መጋዘን ይሄዳል፤ ከመጋዘን ሲወጣ ሌላ ሰገባ ይደረግለታል። ያ መደባለቅ ራሱ የታሪኩ አካል ነው። ወደ ኦቶማን ቱርክ የሄዱ ሳንጃዎችን እዩ። እዚያ ስለታቸው ተቆርጦ አጥሯል፤ የቱርክ የጦር ፋብሪካ ማህተም ተመትቶባቸዋል። አንዳንዱ ሰው «ወደ ዋናው ልመልሰው» ብሎ የጀርመን ሰገባ ይፈልግለታል። ለምን? ቱርክ የሄደው ሳንጃ የቱርክ ታሪክ አለው፤ ተዉት።

ስለ አያያዝ ደግሞ። የቆዳ ሰገባ ያለውን ሳንጃ ሰገባው ውስጥ ከትታችሁ አታስቀምጡ። ቆዳ ሲለፋ የገባበት አሲድና እርጥበት ብረቱን ይበላዋል፤ የዛሬ ዓመት ስታወጡት ነጥብ ነጥብ የዝገት ጉድጓድ ታገኛላችሁ። ነሐሱም ከቆዳው ቅባት ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ነገር ያወጣል። ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቆዳውን ዘይት አታጠጡ፤ ለጊዜው የለሰለሰ ይመስላል፣ በኋላ ግን ስፌቱን ያበሰብሰዋል። ብረቱ ላይ ቀይ፣ የሚረግፍ ዝገት ካለ የስፌት ማሽን ዘይት ቀቡት፣ ጥቂት ቀን ተዉት፣ ከዚያ በጣም ቀጭን የሆነውን የብረት ሱፍ ዘይት አስነክታችሁ በቀስታ አንሱት። ጥቁር ቡናማው የዕድሜ ቀለም ግን አይነካም። እሱ ብረቱን ይጠብቀዋል፤ የማህተሞቹንም ዕድሜ የሚመሰክረው እሱ ነው። ግራይንደር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የነሐስ ማብረቂያ ፈጽሞ አይቅረቡት። በባዶ እጅ ከነካችሁት ላባችሁን በጨርቅ ጥረጉለት፤ የጣት አሻራ ብረት ላይ ይዝጋል።

ስለ ማጭበርበርም ትንሽ ልበል። ማህተም ሲመታ ብረቱ ዙሪያውን ትንሽ ያብጣል፤ መቶ ዓመት ሲጠረግ ያ እብጠት ይጠፋል። ስለዚህ ጠርዙ ስል የሆነ፣ ውስጡ ንጹሕ የሆነ ማህተም ጥቁር ብረት ላይ ካያችሁ ተጠራጠሩ። አጉሊ መነጽር ርካሽ ነው፤ ይዛችሁ ሂዱ። የመጋዝ ጥርሱም ላይ እንዲሁ፦ የጥርሱ ጎድጓዳ ከቀረው ብረት ጋር አንድ ቀለም መሆን አለበት። በተለይ ደግሞ ወታደሮች በራሳቸው ገንዘብ የሚገዟቸው የሰልፍ ሳንጃዎች አሉ። ያብረቀርቃሉ፣ ሰገባቸው ጥቁር ነው፤ ስለታቸው ላይ በአሲድ «ለአገልግሎት ዘመኔ መታሰቢያ» የሚል ጽሑፍና የሬጅመንቱ ስም አለ። እውነተኛዎቹ በጣም ደስ ይላሉ። ጽሑፍ የሌለበትን ገዝቶ ጽሑፍ የሚጨምር ሰው ግን አለ። ኤስ ኤስ የተባለው የናዚዎች ታጣቂ ኃይል ምልክት ያለባቸውን ደግሞ እኔ አልገዛም፤ አብዛኛው ሐሰት ነው፣ እውነት የሆነውንም ቤቴ አላስገባም።

ስለ አፍሪካ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በጨረታ ላይ «ኬ. ኤስ.» የሚል ማህተም ያለበት ሳንጃ ሲወጣ ዋጋው ይሰቀላል። ብርቅ ስለሆነ ነው። ፊደሎቹ በጀርመን ቅኝ ግዛቶች የነበረውን የካይዘሩን ጦር ያመለክታሉ። ይህ ጦር ነው ከ1904 እስከ 1908 ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር የሄሬሮና የናማ ሕዝቦችን የጨረሰው። የጀርመን መንግሥት በ2021 ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብሎ ጠርቶታል። የጨረታ ዝርዝር ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ብርቅዬ የቅኝ ግዛት ዕቃ» ብቻ ተብሎ ይጻፋል። እኔ እንዲህ ያለ ዕቃ በሰው ሳሎን ግድግዳ ላይ መሰቀል አለበት ብዬ አላምንም። ያለው ሰው ሙዚየም ቢያማክር ደስ ይለኛል።

ከእኛ አገር ጋር ያለውን ግንኙነት ስለጠየቃችሁኝ በአጭሩ ልመልስ። ጀርመንና ኢትዮጵያ የወዳጅነት ውል የተፈራረሙት በ1905 ነው፤ በአፄ ምኒልክ ጊዜ። ከጣሊያን ወረራ በፊትም በ1935 ጀርመን በድብቅ መሣሪያ ልካለች። ግን አገር ቤት ያለ የሞዘር ሳንጃ ሁሉ የጀርመን አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካና ከቼኮዝሎቫኪያም ሞዘር ገዝተዋል። የቼኩን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፦ ሳንጃው ጠመንጃው ላይ ሲሰካ ስለቱ ወደ ላይ ይዞራል። የጀርመኑ ስለቱ ወደ ታች ነው። አያት ወይም ቅድመ አያት ያቆየው ሳንጃ ቤት ውስጥ ካለ እንዳይፈተግ ለቤተሰብ ንገሩ። ማን ይዞት እንደነበረ፣ የት እንደዘመተ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ድምፁን ቅዱ። ዕቃው እዚያው ይቀመጥ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከኢትዮጵያ ማውጣት ሕግ ይከለክላል፤ ፎቶው ይበቃል።

በመጨረሻ ለጀማሪዎች። እዚህ ጀርመን ሳንጃ ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ገዝታችሁ ስትሄዱ በእጃችሁ ወይም በቀበቶ አትያዙት፤ የተቆለፈ ሳጥን ወይም ቦርሳ ውስጥ አድርጉት። የናዚ ምልክት ያለበትን በአደባባይ ማሳየት ወንጀል ነው። በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣ አይገባም። የመጀመሪያ ግዢያችሁ ኤስ 84/98 ቢሆን ይሻላል፤ ብዙ ስላለ ዋጋው አይጎዳም፣ ቁጥሮቹም ግልጽ ስለሆኑ ለማንበብ ትለማመዱበታላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ከሰገባው አውጥታችሁ ጀርባውን፣ መስቀለኛውንና የሰገባውን አፍ እዩ። ሻጩ እንድታወጡት ካልፈቀደ ሌላ ጋ ሂዱ።

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አሁን ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጓንት ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ አጉሊ መነጽሩም አጠገቡ ነው። ከግራ ኤስ 71 ይጀምራል፣ ወደ ቀኝ በዓመት ተደርድረዋል። ፎቶ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ከሳንጃው ፎቶ ጋር የሰገባውንም አሳዩኝ።